በጫት መኪና የሄደው የባክቴሪያ ልብስ

ባክቴሪያ ልብስ እንደሚለብስ የነገሩኝ ዶክተሩ ናቸው። ጭሮ ባለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሱ፣ ፊታቸውን ሳያነሱ በእጃቸው ጠሩኝ።

"ነይ እዪው፣ ካፖርቱን ለብሶ ቁጭ ብሏል።"

አየሁ። ዶክተሩ ባክቴሪያውን ለሥዕል ከሚሆን ጥቁር ቀለም ጋር ቀላቅለውት ስለነበር ሜዳው በሙሉ ጠቁሯል። ጥቁሩ መሃል ላይ ግን ቀለሙ ሊገባባቸው ያልቻለ ትንንሽ የብርሃን ቀለበቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ቀለበት መሃል አንዲት ነጥብ። ነጥቧ ባክቴሪያዋ ናት፤ ብርሃኑ ልብሷ።

"ካፕሱል ይባላል" አሉ። "ዝልግልግ ነገር ነው፣ ከሞላ ጎደል ውሃ። ይኼን ለብሶ የበሬ ደም ውስጥ ሲገባ የሰውነት ዘበኞች ሊይዙት ይሞክራሉ፤ ያዳልጣቸዋል።"

ከሥራ ስወጣ በናሙና መቀበያ ቅጽ ጀርባ ላይ ስለዚያ ብርሃን ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። ሁለቱም መጥፎ ነበሩ። ግን እስከ ቤቴ ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቤት መምታትን የለመድኩት ከሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ነው ብል አላጋነንኩም፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ "ሂርና ሂርና የሞላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ሲሉ እግሬ መሬት ይመታ ነበር። አንድ ቦታ አልቀመጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቼ ወጥቻለሁ፣ ፋርማሲ ሠርቼ ወጥቻለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ የቆየሁት ዶክተሩ ስለ ማይታይ ነገር ሲያወሩ ጎረቤታቸውን የሚያሙ ስለሚመስሉ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ቤታቸው ሂርና ነው፤ በየጠዋቱ በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ከሹፌሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፦ ያንን ልብስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ማየት።

ምክንያት ነበራቸው። ቦኬ ውስጥ አንድ ገበሬ፣ እንደ ሐረርጌ ገበሬ ሁሉ፣ በሬውን ቤት ውስጥ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ሲያደልብ ቆይቶ በሬው ጎሮርሳ በሚባለው የከብት በሽታ ሞተበት። ዶክተሩ ከዚያ በሬ የወሰዱት ባክቴሪያ የብርሃን ቀለበቱ ከሌሎቹ ሁሉ የሰፋ ሆኖ አገኙት። በአንድ ስብሰባ ላይ ይህንን ሲናገሩ አንድ ሰው ተነሥቶ "ያ ልብስ አይደለም፤ ቀለሙ ሲደርቅ የተወው ክፍተት ነው" አላቸው። ዶክተሩ ተሰድበው እንደመጡ ሰው ሆነው ተመለሱ።

"ሠላሳ ዓመት ክፍተት ነው ሳስተምር የኖርኩት?" አሉኝ። ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

የቀድሞ ተማሪያቸው አዲስ አበባ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካለበት ቦታ ትሠራ ስለነበር ሁለት ተራ ለመነችላቸው፤ አንዱ ጥር ላይ፣ አንዱ ግንቦት ላይ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ለሌሎች ሥራዎች ተይዟል።

ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ በሕይወት አይላክም። መጀመሪያ ፊክስ ይደረጋል፤ እኛ እንዲህ ነው የምንለው። ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ማጽኛ ፈሳሽ ውስጥ ይገባና ባለበት ቅርጽ ጸንቶ ይቀራል፤ ይሞታል፣ ግን አይበሰብስም። ጥሩ የሥራ ውሎ ነበር። ዶክተሩ ከበሬው እንደተወሰደ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠውን ባክቴሪያ አወጡ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ደጋግሞ እየበላ የኖረው አይሆንም። "ጠላት የሌለበት ቤት ውስጥ ካፖርት ምን ያደርግለታል? ጥሎት ይቀመጣል" ይላሉ። ፊክስ አደረግነው። ዶክተሩ የቀረውን በወረቀት ጽፈውልኝ ወደ ገለምሶ ለክትባት ሥራ ሄዱ። ወረቀቱ "አጥበሽ በበፈር ውስጥ ላኪው" ይላል። በፈር ማለት ጨውና ውሃ ነው፣ መጣፈጡ የተለካ።

ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ግን ስለ አሰቦት ማሰብ ጀመርኩ። አሰቦትና አዋሽ ያለውን ቆላ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሙዝ ሳይቀር ገንፎ ይሆናል። ጨውና ውሃ በዚያ ሙቀት ምን ይጠብቃል? መደርደሪያዬን ዞር ብዬ አየሁ። መዥገር፣ የሆድ ትል፣ የጉበት ትል፣ የበግ ቅማል፤ ሁሉም በየጠርሙሱ፣ ሁሉም አልኮል ውስጥ። ከእኔ በፊት የተቀጠሩ ሰዎች ያስቀመጡት መዥገር ዛሬም እግሮቹ ሙሉ ናቸው። የእኛ ቤት ሕግ ይህ ነው፤ የሚቆይ ነገር አልኮል ውስጥ ይገባል። እኔም የበሬውን ባክቴሪያ አልኮል ውስጥ አስገብቼ ላክሁት፤ ለዶክተሩም አልነገርኳቸውም። ሲያውቁ ያመሰግኑኛል ብዬ ነው።

ፎቶው በየካቲት በስልካቸው መጣ። ባክቴሪያው ራቁቱን ነበር። ግድግዳው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ውጪ ምንም፤ እዚህና እዚያ እንደ ተራገፈ ዱቄት የሚመስል ፍርፋሪ ብቻ። ዶክተሩ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው አዩት።

"ክፍተት ነበር ማለት ነው" አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ቀኑን ሙሉ ስለ ምንም ነገር አላሙም።

እኔ የዚያን ጊዜ ምን እንደተፈጠረ አላወቅሁም። ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጫት ማሸጊያው ግቢ ውስጥ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደዚያ ግቢ መሄድ እወድ ነበር፤ ቋንቋ ለመስማት። ሴቶቹ በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ በአማርኛ ይቀልዳሉ፣ በዐረብኛ ይምላሉ፣ እጃቸው ግን አያቆምም። ሁላችንም አዴ የምንላቸው ሴት የግቢው አለቃ ናቸው። ጫቱን ከገበሬው እንደተቀበሉ ውሃ ይረጩበታል፣ ያራግፉታል፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል፣ ከላዩ ደግሞ እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። አንዲት ዙርባ፣ አንድ እስር ጫት፣ ሲያስሩ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ነው፤ አጥብቀው ግን ሳይጨፈልቁ።

ያን ቀን አንዲት አዲስ አሳሪ መርጫውን ጠርሙስ አነሣችና ጫቱ ላይ ፍስስስ አደረገችበት። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ ጫፉ ጠቆረ፣ ተጨማደደ፣ እሳት እንደተኮሰው ነገር ወደ ታች ዘመመ። ሁሉም ጮኹ። አዴ ጠርሙሱን ነጥቀው አሸተቱት። ለእጅ ማጽጃ የመጣ አልኮል ነበር፤ አንድ ሰው በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ቀድቶት ከመርጫዎቹ መሃል ትቶታል።

"ኢንተሎ!" አሉ፣ ልጅት ማለታቸው ነው። "ይኼ ውሃ አይሰጥም፣ ውሃ ይወስዳል! ጫት ማለት ምንድን ነው? ቢሻን ነው፣ ውሃ! ውሃው ከሄደ ቅጠል የት አለ? በይ ቃሚው!"

ልጅቷ ራሷን ይዛ "ወላሂ አዴ፣ ጠርሙሱ አንድ ነው!" ትላለች። ሌሎቹ እየሳቁ "ጫቱን እጅ አስታጠበችው! ለመቃም ሳይሆን ለመጨባበጥ ነው!" ይሏታል።

እኔ ግን የተጨማደደውን ቅጠል ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከሞላ ጎደል ውሃ። ዶክተሩ ካፕሱሉን እንዲህ ነበር ያሉት። ከሞላ ጎደል ውሃ የሆነን ልብስ እኔ አልኮል ውስጥ ከትቼ ወደ አዲስ አበባ ልኬዋለሁ። መዥገር ቅርፊት አለው፤ ትል ቆዳ አለው፤ ካፕሱል ከውሃው በቀር ምንም የለውም። ያ ፍርፋሪ ልብሱ ነበር። ዶክተሩ እውነት ነበራቸው፤ ማስረጃቸውን ያጨማደድኩት እኔ ነኝ።

"ምነው፣ ቃምሽ እንዴ?" አሉኝ አዴ፣ እጄ ላይ ያለውን ቅጠል አይተው። "ጣይው፣ ሆድሽን ያምሻል።"

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተሩን መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኋቸው። እየተራመድኩ መናገር ይቀለኛል። ከሚኒባሱ ወርደው ኮታቸውን ሲያስተካክሉ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው፣

"ዶክተር፣ የበሬው ባክቴሪያ ልብስ አለው" አልኳቸው። "ያወለቅሁበት እኔ ነኝ።"

ቆሙ። ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ማንበቤን፣ አሰቦትን፣ መደርደሪያውን፣ አልኮሉን፣ ጫቱን። እስከ ፔትሮል ማደያው ድረስ ተራመድን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም።

"አልኮል ውስጥ?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"መዥገር መሰለሽ?"

"ይቆይልናል ብዬ ነው።"

"መዥገር መሰላት!" አሉ፣ ለኔ ሳይሆን አጠገባችን ለቆመ ባለ ጋሪ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። መንገዱ ዳር ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው ሳቁ፤ ባለ ጋሪውም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"አየሽ፣ ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ውሸታም አድርጌ ነው የኖርኩት" አሉ። "ቀድመሽ ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር። አሁን ግን ደስ ስላለኝ መቆጣት አልቻልኩም። ነገ እቆጣሻለሁ፤ አስታውሺኝ።"

በማግሥቱ አስታወስኳቸው። ተቆጡኝም፤ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ከልባቸው። ከዚያ ሥራ ጀመርን።

ተማሪያቸው ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ከሳቀች በኋላ አንድ ነገር ነገረችን። አልኮሉ በመጨረሻ አይቀርም፤ ባክቴሪያው ማሽኑ ውስጥ ሊገባ ውሃው ወጥቶ ሙጫ ውስጥ መቀበር አለበት። ልብሱ ግን ከዚያ በፊት የሚይዘው ነገር ካገኘ አይረግፍም። የሚይዘው ሩቴኒየም ሬድ የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ነው። ከካፕሱሉ ክሮች ጋር ተጣብቆ ደግፎ ያቆመዋል፤ ፎቶው ላይም አጥቁሮ ያሳየዋል። ባለፈው እሷ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነበር ልትጨምረው ያሰበችው፤ ያን ጊዜ የሚደገፍ ነገር አልነበረም። አሁን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጭሮ ላይ እንዲገባበት፣ የአውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ በሚኒባስ ላከችልን። ውስጡ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል።

ከበሬው የመጀመሪያ ባክቴሪያ የቀረን ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ነበር። ዶክተሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማቀዝቀዣው እንዳይሰማ።

እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ የተጻፈን ነገር እንደማልታዘዝ ስላወቅሁ፣ ትእዛዙን ቤት አስመትቼ ጻፍኩት። ግጥም አልረሳም።

መጀመሪያ ቀዩን ከማጽኛው ጋር አርገሽ፣
በቅዝቃዜ መሃል አቆዪው ታግሠሽ፤
በቀስታ እጠቢው፣ ምንም ሳትቸኩዪ፣
ውሃውን ጠብቂ፣ አልኮል አታሳዪ።

ዶክተሩ አነበቡት። "ግጥም አይደለም፣ መመሪያ ነው" አሉ። "ግን ከእኔ መመሪያ ይሻላል።" ከማጠቢያው በላይ በፕላስተር ለጠፉት። እየሠራሁ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሦስተኛውን ስንኝ ሲደርስ "ምንም ሳትቸኩዪ!" ብለው ያስተጋባሉ፤ ለእኔ የተጻፈ መሆኑን ያውቃሉና። ባክቴሪያው በቀዩ ውስጥ ሮዝ ሆኖ ወደ ቱቦው ግርጌ ሲሰበሰብ፣ አንድ ቅንጣት የሊጥ ፍርፋሪ ያክላል። በበፈር አጥበን፣ ቱቦዎቹን አሽገን፣ በሌላ ዕቃ ውስጥ ከተን፣ ያንንም በሳጥን። የሞተ ነው፤ ማንንም አይጎዳም፤ ዶክተሩ ግን ሦስት ሽፋን ካላዩ አይሆንላቸውም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መንገዱ ነበር። መቀዝቀዝ አለበት፣ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ሚኒባስ አሰቦት ላይ ሰው ያወርዳል፣ አዋሽ ላይ ምሳ ይበላል፤ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይጠበሳል።

"በዚህ አገር ሳይጠወልግ አዲስ አበባ የሚደርስ ነገር ምንድን ነው?" አልኳቸው።

ዶክተሩ አዩኝ። ጫት እንደማይቅሙ፣ ሲቃምም እንደማይወዱ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ተነፈሱ። "ምሪኝ" አሉ።

አዴ ዶክተሩን ግቢያቸው ውስጥ ሲያዩ ከቅጠሉ ላይ ተነሡ። የአዴ አማርኛ ከገበያ የተለመደ ስለሆነ እርስዎ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው።

"ዶክተር! ዛሬ አንተም መጣህ? አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ ሰው ሆነ!"

"ለመቃም አይደለም፣ አዴ።"

"ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚል።"

ሳቁ በግቢው ሲበርድ ሳጥኑን አሳየናቸው። ውስጡ ያለው የበሬ በሽታ መሆኑን፣ መሞቱን፣ ልብሱ ውሃ መሆኑን ነገርኳቸው። አዴ ሌላውን አላጠያየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቢሻኑ እንዳይሄድበት ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ይኼ ሥራ የኛ ነው፤ ምን ታብራሩልኛላችሁ!"

ይዘን የመጣነውን የበረዶ ከረጢት ሳጥኑን እንዳይነካ በጨርቅ ለዩት። ከሙዝ ቅጠሉ ሰፊውን መርጠው፣ ደም ሥሩን በቢላ አለሳልሰው፣ ሳጥኑን ጠቀለሉት። በላዩ እርጥብ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ሌላ ቅጠል። በገመድ ያሰሩትም ያው ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ሆነው ነበር። ሲጨርሱ ሳጥን መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የዓመቱ ምርጥ ዙርባ ይመስላል። አዴ ወደ ኋላ ብለው አዩትና በኩራት አፋቸውን ጠረጉ።

የጫት መኪናው ሹፌር ወጣት ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚያወራው። "ለማን ነው?" አለ።

"ለባክቴሪያ" አሉት ዶክተሩ።

"አቦ፣ ቁጥሩን ስጡኝ፣ ለሱ እደውልለታለሁ" አለና ሄደ። አቧራው ሳይወርድ ድምፁ ከቁልቁለቱ በታች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሥራ አልሠሩም። በየሰዓቱ "አሁን ሚኤሶ"፣ "አሁን አሰቦት"፣ "አሁን አዋሽን አልፏል" ይሉኛል፤ መንገዱን ከመቀመጫቸው ሆነው ይነዱታል። አመሻሹ ላይ ተማሪያቸው ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከኋላዋ የጫት መጋዘን ጫጫታ ይሰማል።

"ዶክተር፣ አንድ ሰውዬ ሳጥናችንን አቅፎ አልሰጥም ብሎኛል!"

"ለምን?"

"ከዛሬው ጭነት የተመረጠው የኔ ነው፣ አስተሳሰሩን አይቼ ነው የለየሁት ይላል!"

የሰውዬው ድምፅ ከኋላ መጣ፤ "እመቤቴ፣ እኔ ይኼን እጅ አውቀዋለሁ! የጭሮዋ ሴትዮ እጅ ነው! ለኔ ነው ያሰረችው!"

ዶክተሩ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። በዓለም ላይ የቀረችው የበሬው ልብስ በአንድ ቃሚ ብብት ውስጥ ናት። "ፍቺው! ገመዱን ፍቺውና አሳዪው!" ብለው ጮኹ።

የቅጠል ኮሽታ ሰማን። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፤

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የበሬ በሽታ ነው" አለችው።

የሸሸበትን ፍጥነት ባናይም ሰማነው። ተማሪዋ እየሳቀች "ቀዝቃዛ ነው ዶክተር፤ ቅጠሉ እንኳ ገና እርጥብ ነው" አለች። ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ግንቦት አለቀ፤ ሰኔ ገባ። ዶክተሩ መጻሕፍታቸውን በካርቶን እየከተቱ ወደ ሂርና መውሰድ ጀመሩ፤ በየቀኑ አንድ ካርቶን፣ ከሹፌሩ አጠገብ። ስለ ፎቶው አልጠየቁም። መደርደሪያቸው እየሳሳ ሲሄድ እኔ ነበርኩ በየጠዋቱ ስልኬን ከመነሣቴ በፊት የማየው።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሚኒባስ ውስጥ እያሉ ወደ እኔ መጣ። በቴሌግራም፣ ያለ አንድ ቃል። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ነው የተከፈተው፤ መጀመሪያ ግራጫ ባዶ፣ ከዚያ ጥቁር ጭጋግ፣ ከዚያ የባክቴሪያው ግድግዳ። እስከ ግርጌው እስኪከፈት አልጠበቅሁም። ሮጥኩ።

መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ ሚኒባሱ ገና መቆሙ ነው። ዶክተሩ ለመጨረሻዎቹ መጻሕፍት የሚሆን ባዶ ካርቶን አቅፈው እየወረዱ ነበር። ስልኩን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። ካርቶኑን የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸው ለረዳቱ አስታቀፉት።

ባክቴሪያው መሃል ላይ ነው። ዙሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይቆረጥ፣ ከራሱ ስፋት የማይተናነስ ጥቁር ድር ለብሷል፤ ክሮቹ ወደ ውጭ ቆመው፣ ልክ እንደ ጥቅጥቅ ያለ የበግ ጠጉር። ክፍተት የሚባል ነገር የለም።

ዶክተሩ ስልኩን እንደ ባለፈው ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከኋላቸው ያለች ተሳፋሪ አንገቷን አስግጋ "ምንድን ነው ዶክተር? ጃርት ነው?" አለች።

"ካፖርት ነው" አሉ። "በሰኔ፣ በዚህ ሙቀት፣ ካፖርት!" እና ያን ሁሉ ዓመት ፈገግታን በልክ የሚጠቀሙት ሰው፣ መናኸሪያው መሃል ረዳቱን ከነካርቶኑ አቀፉት።

ቢሮ አልገባንም። ዶክተሩ ፎቶውን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ እኔ ድሮ ከምሠራበት ቤት፣ በትልቁ አሳተሙትና በቀጥታ ወደ ማሸጊያው ግቢ ወሰዱት። አዴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉት። እንደ ምርቃት ወረቀት ሳይሆን እንደ ዕቃ ነው ያዩት፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው፣ የትኛውም ጎኑ መሳሳቱን እየፈለጉ። ሴቶቹ እጃቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ዶክተሩ በስንት ስብሰባ ቆመዋል፤ እንደዚያ ቀን ፍርድ ሲጠብቁ አላየኋቸውም።

"ኡፈታ ነው" አሉ አዴ በመጨረሻ። ልብስ ማለታቸው ነው። "ጥሩ ተለብሷል። ውሃው አልሄደበትም።"

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። "አልሄደበትም" አሉ።

"ታዲያ ዶክተር፣ ለምን አላመኑህም?"

"ስላላዩት።"

"አሁን ላክላቸው። ከፈለግህ እኔ አስርልሃለሁ።"

ፎቶውን መለሱላቸውና ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። እኔ የኪሴን ወረቀት አውጥቼ፣ ስለዚያ ብርሃን የጻፍኳቸውን ሁለት መጥፎ ስንኞች በሦስተኛ ላድናቸው ቆሜ ሳስብ፣ አዴ ቁርጭምጭሚቴን በመርጫው ውሃ ፍስስ አደረጉብኝ።

"ኢንተሎ፣ ተነሺ! ቅጠሉ ላይ ቆመሻል።"